አቡነ ኢየሱስ ሞዐ፦ የሐይቁ መምህር እና የመጻሕፍቱ ዝርዝር

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማዋ ወጣ ሲል ደግሞ ለከተማዋም ለአካባቢውም ስሙን የሰጠው ሰፊ ውኃ በተራሮች ተከብቦ ይታየዋል። በስተሰሜን የአምባሰል ተራሮች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን የአርዲቦ ሐይቅ አለ። ከውኃው ዳር በዛፎች የተሸፈነ አንድ የምድር ምላስ ወደ ሐይቁ ዘልቆ ገብቷል። ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚያ ላይ ይገኛል። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር መግባት ይቻላል። በቀደመው ዘመን ግን ቦታው ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ መነኮሳቱም የሚመላለሱት በታንኳ ነበር።

በዚህ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ መምህር 45 ዓመታት ኖረዋል። ስማቸው አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መምህር በመሆናቸውና በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን በነበራቸው ስም ነው። ከዚህ ሁሉ ያላነሰ፣ ነገር ግን ብዙም ያልተነገረለት አንድ ሥራ ሠርተዋል። መጻሕፍትን ሰብስበው ለገዳሙ ሰጡ፤ የሰጧቸውም መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ እንዲኖር አደረጉ። ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ የቆየው ያ ጽሑፍ ስለ እርሳቸውና ስለ ዘመናቸው ለማወቅ ከሚያስችሉን ጽኑ ምስክሮች አንዱ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በ1214 ገደማ በዳህና ምድር ነው። ዳህና ከሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ በተራሮች መካከል የምትገኝ ሀገር ናት። ዘመኑ የላስታ ነገሥታት ዘመን ነበር። የዐፄ ላሊበላ ስም ገና ከሰው አፍ አልወጣም፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱም ከጥንታዊነታቸው ይልቅ አዲስነታቸው የሚነገርበት ጊዜ ነበር። ወጣቱ ለዐቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ የምንኩስናን ሕይወት መርጠው ወደ ትግራይ ሄዱ። የሄዱበት ገዳም ደብረ ዳሞ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ወደዚያ የሚወጣው ሰው ከገደሉ ጫፍ የተንጠለጠለውን ገመድ ይዞ ነው።

በደብረ ዳሞ የነበሩት አበምኔት አባ ዮሐኒ ይባሉ ነበር። ኢየሱስ ሞዐ በእርሳቸው ሥር ሆነው ለዓመታት አገለገሉ፤ ምንኩስናንም ከእጃቸው ተቀበሉ። ገድላቸውና የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚናገሩት፣ በዚያ ገዳም ከጸሎትና ከጉልበት ሥራ ጎን ለጎን የያዙት ሙያ ጽሕፈት ነበር። መጻሕፍትን እየገለበጡ ይጽፉ ነበር። ኋላ በሐይቅ የሠሩት ሥራ ሁሉ መነሻው ይህ ሙያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዚያን ዘመን ጽሕፈት ክብደት ለመረዳት የብራና ሥራን ማሰብ ይበቃል። ፍየል አርዶ ቆዳ የሚያወጣ ገበሬ ነገሩን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ቆዳው በውኃ ይነከራል። በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል። ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩም ተላጭቶ ይወገዳል። ደርቆና ለስልሶ ከወጣ በኋላ በልክ ይቆረጣል፣ በወስፌ መስመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ተበጥብጦ ይከርማል፤ ቀዩ ቀለም ለቅዱሳት ስሞችና ለርእሶች ይቀመጣል። ጸሐፊው ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጥላል። ከአንድ ፍየል ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማጣት መንጋ እንደማጣት ያህል ከባድ ጉዳት ነበር።

ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ወርደው ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 ገደማ ነው። ገድላቸው መንገዱን የመራቸው መልአኩ ገብርኤል እንደሆነ ይናገራል። በደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ነበረ። የገዳሙ ትውፊት የእስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን መመሥረት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ነበረው ወደ ንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ያደርሰዋል። ይሁን እንጂ በጊዜው በቦታው የነበረው አገልግሎት የካህናት እንጂ በሥርዓት የተደራጀ የመነኮሳት ማኅበር አልነበረም። ይህን የለወጡት ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ደሴቱን የመነኮሳት መኖሪያ አደረጉት። በዚያ የተተከለው ሥርዓት እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው።

የኢየሱስ ሞዐ ማኅበር ግን ለጸሎት ብቻ የተሰበሰበ አልነበረም። ትምህርት ቤትም ነበር። ከአማራና ከአካባቢው አውራጃዎች፣ ከዚያም ርቀው ከሚገኙ ሀገሮች ወጣቶች እየመጡ ንባብ፣ ጽሕፈትና የመጻሕፍት ትርጓሜ ይማሩ ጀመር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በገዳም ሕይወት ጥልቅ ትምህርት የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ትግራይ ገዳማት መጓዝ ይጠበቅበት ነበር። ሐይቅ ይህን መንገድ አሳጠረው። የሀገሪቱ የዕውቀት ማዕከል ወደ ደቡብ እንዲሰፋ ያደረገ ትልቅ ርምጃ ነበር።

ከተማሪዎቹ መካከል በታሪክ ስማቸው ከሁሉ ገንኖ የወጣው የሸዋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በሐይቅ ለዓመታት በኢየሱስ ሞዐ ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ ተመልሰውም በሐይቅ አልፈው ወደ ሸዋ ወረዱ። በዚያ የመሠረቱት ደብረ አስቦ ኋላ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ሌላው ተማሪ አቡነ ሂሩተ አምላክ ናቸው። እርሳቸውም በጣና ሐይቅ ላይ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም መሠረቱ። በጣና ያለው ገዳም በእስጢፋኖስ ስም መጠራቱ ከወሎው ደሴት ጋር ያለውን ዝምድና እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ከአንድ ትንሽ ደሴት የወጡ ተማሪዎች ከሸዋ እስከ ጣና ገዳማትን ተክለዋል።

በኢየሱስ ሞዐ ዘመን የሀገሪቱ መንግሥት ተለወጠ። በ1270 ይኩኖ አምላክ የላስታውን ንጉሥ አሸንፈው ነገሡ። በዚህ ለውጥ ውስጥ ሐይቅ ምን ድርሻ ነበራት? የኢየሱስ ሞዐ ገድል ይኩኖ አምላክ በልጅነታቸው በሐይቅ እንደተማሩና ከመምህሩ ጋር ቃል ኪዳን እንደነበራቸው ይተርካል። በደብረ ሊባኖስ በኩል የተጻፈው ትውፊት ደግሞ መንግሥቱ እንዲመለስ የረዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል፤ ሢሶ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውም በእርሳቸው ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ ገዳማት፣ መምህሩና ተማሪው ያቆሟቸው ሁለት ቤቶች፣ ክብሩን ለየራሳቸው አባት ሰጥተዋል።

እዚህ ላይ አንባቢው ማስተዋል ያለበት ነገር አለ። ሁለቱም ትረካዎች የተጻፉት ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለበት ጊዜ ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው። ገድል የሚጻፈው ምእመናንን ለማነጽ፣ የቅዱሱን መታሰቢያ ለማጽናት፣ የገዳሙንም መብትና ክብር ለማስጠበቅ ነው። ስለዚህ በገድሉ ውስጥ እውነተኛ ትዝታ እና ኋላ የተጨመረ ነገር ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንዱን ከሌላው ለመለየት በዘመኑ የተጻፈ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ለኢየሱስ ሞዐ ታሪክ ይህ ምስክር ተገኝቷል፤ ያኖሩትም ራሳቸው ናቸው።

በ1280 ወይም በ1281 ኢየሱስ ሞዐ አራቱን ወንጌላት የያዘ አንድ የብራና መጽሐፍ አስጽፈው ለእስጢፋኖስ ገዳም ሰጡ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በገዳማት ዘንድ የወርቅ ወንጌል ይባላል። ስሙ የክብሩን ታላቅነት ያመለክታል። የወርቅ ወንጌል በበዓል ቀን የሚነበብ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ከዚህም በላይ የገዳሙ መዝገብ ቤት ነው። ንጉሥ መሬት ሲሰጥ፣ መኰንን ስጦታ ሲያመጣ፣ አበምኔት ሲሾም ወይም ክርክር ሲፈረድ ጉዳዩ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፋል። በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ነገር መፋቅ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ጽሑፉ በዚያ ተጠብቆ ይኖራል። ዛሬ ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተሩን በሳጥን ቆልፎ እንደሚያስቀምጠው፣ ገዳሙም የመሬቱን ሰነድ በወንጌሉ ውስጥ ያኖር ነበር።

በኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ውስጥ ከሚገኙት ጽሑፎች አንዱ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ነው። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል ይቈጠራል። ዝርዝሩ ሲነበብ ጌጥ የለውም። የመጽሐፉ ስም፣ ቀጥሎ ሌላ ስም፣ ቀጥሎ ሌላ ስም ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ወርቅ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወሎ ምድር በአንድ ደሴት ላይ የትኞቹ መጻሕፍት ይነበቡ እንደነበር፣ የትኞቹ ከግሪክና ከዐረብኛ ወደ ግእዝ አስቀድመው ተተርጉመው እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። በዝርዝሩ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ እስከ ዛሬ አልደረሱም። የጠፉት መጻሕፍት በዚያ መደርደሪያ እንደነበሩ የምናውቀው ስማቸው በወንጌሉ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

የዚህን ዓይነት መዝገብ ዋጋ ለማየት ከሀገራችን ርቆ የሚገኝ አንድ ምሳሌ ይረዳል። በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሮድሪገስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ፍራንሷ ለጓ የተባለ ፈረንሳዊ ስደተኛ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ከ1691 እስከ 1693 በዚያች ሰው በማይኖርባት ደሴት ተቀመጠ። ያየውንም በ1708 በታተመ መጽሐፍ ጻፈ። ከጻፋቸው ነገሮች መካከል በደሴቲቱ የነበሩት በቀቀኖች ይገኙባቸዋል። ሰው በደሴቲቱ ሰፍሮ ደኑ ሲመነጠር በቀቀኖቹ እየመነመኑ ሄዱ፤ በመጨረሻም ዘራቸው ጠፋ። ከትንሹ ዝርያ ለሳይንስ የቀሩት ሁለት ወፎች ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው የተያዘው በ1875 ሲሆን ሁለቱም በእንግሊዝ ሀገር በካምብሪጅ ይገኛሉ። ትልቁ ዝርያ ደግሞ የሚታወቀው በአጥንቱና በተጓዦች ጽሑፍ ነው። አንዳንድ ምሁራን የለጓ መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። ከደሴቲቱ የተገኙት አጥንቶች ግን ምስክርነቱን ደገፉለት። ዛሬ ስለ እነዚህ በቀቀኖች በኢንሳይክሎፒዲያ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የጥንቱን ጽሑፍ ከአጥንቱ ጋር እያመሳከረ፣ የተጋነነውን እየቀነሰ፣ የተዘለለውን እየጨመረ ያርማል። መነሻ የሚሆነው ጽሑፍ ባይኖር የሚታረምም ነገር አይኖርም ነበር።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር በራሳችን ውኃ ላይ እናገኛለን። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ በአማራ ምድር ስላለ አንድ ሐይቅ ጽፏል። በሐይቁ መካከል ባለች ደሴት ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም እንዳለ፣ ብዙ መነኮሳት እንዳሉበት፣ ሎሚና ብርቱካን እንደሚበቅልበት ይነግረናል። በውኃውም ውስጥ ጉማሬ እንደነበረ መዝግቧል። ዛሬ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች። የሐይቅ ነዋሪም ጉማሬ ማየት ቢፈልግ ወደ ጣና ወይም ወደ ሌላ ውኃ መሄድ ይኖርበታል። አንድ እንግዳ ሰው ያየውን ጽፎ ባያስቀምጥ ኖሮ ይህን ለልጆቻችን በእርግጠኝነት ለመንገር ይከብደን ነበር።

ከአልቫሬዝ ጉብኝት ጥቂት ዓመታት በኋላ ጦርነት መጣ። በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ሐይቅ ዳር ደረሰ። ይህን የሚተርክልን የዘመቻውን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ነው። በእርሱ አተራረክ፣ ወደ ደሴቱ ለመሻገር ማንሳፈፊያ ተሠራ፤ መነኮሳቱ ንብረታቸውን አስረክበው ተማጸኑ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከመቃጠል ተረፈ። የገዳሙን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን የሙስሊም ጸሐፊ መጽሐፍ ሳያነብ ሥራውን አይፈጽምም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩባት ወሎ፣ የታሪኩም ምስክሮች ከሁለቱም ወገን መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም ከዚያ ዘመን ጥፋት ከተረፉት መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

ኢየሱስ ሞዐ ያረፉት በ1293፣ በኅዳር 26 ቀን ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ ይጠራ ነበር። ማዕርጉ በቀጣዮቹ ዘመናት በቤተ መንግሥት ዘንድ እጅግ የተከበረ ሆነ፤ ዐቃቤ ሰዓቱ ለነገሥታት ቅርብ አማካሪ ነበር። ትምህርት ቤቱም አልተቋረጠም። የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ የሆኑት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚሁ ገዳም ተምረዋል። እርሳቸው ያረፉት በ1425 ገደማ ነው። ኢየሱስ ሞዐ የጀመሩት ጉባኤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሀገሪቱ ታላላቅ ደራስያን አንዱን አፍርቷል ማለት ነው።

በወንጌሉ ውስጥ የኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም አለ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ወንጌሉን እንደ ሰጪ አስጻፉት፤ ሥዕሉ ግን እንደ ቅዱስ ያሳያቸዋል። የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ሥዕሉ መቼ እንደተጨመረና አባትየው በቅድስና መታሰብ የጀመሩት መቼ እንደሆነ በዚህ ላይ ተመሥርተው መርምረዋል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የሰጪው ዝርዝር፣ የተከታዮቹ አክብሮት፣ የነገሥታቱ ጉልትና የአበምኔቶቹ ስም በየዘመኑ በተለያየ እጅ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው እጅ የጻፈውን ሁለተኛው እጅ አላጠፋውም፤ የራሱን ከጎኑ ጨመረ። ከዚህ የተነሣ አንባቢው የትኛው ቀድሞ የትኛው በኋላ እንደተጻፈ መለየት ይችላል።

ባለፈው መቶ ክፍለ ዘመን ምሁራን ይህን ሥራ በትጋት ሠርተዋል። በ1965 ፖላንዳዊው ስታኒስላስ ኩር የኢየሱስ ሞዐን ገድል የግእዙን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳተሙ። በ1970 የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በወንጌሉ ላይ የተጻፉትን ማስታወሻዎች መርምረው ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች በቅደም ተከተል አስቀመጡ። የገድሉን አነጋገር ከማስታወሻዎቹ ጋር አመሳክረው፣ በዘመን ምስክር የተደገፈውንና በኋላ ዘመን የተጨመረውን ለዩ። ሥርግው ሀብለ ሥላሴም የገዳሙን ቤተ መጻሕፍት ለብቻው አጥንተው ጽፈዋል። በጀርመን ሀገር በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጾች የታተመው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ኢየሱስ ሞዐ የሚናገረው በእነዚህ ጥናቶች ላይ ቆሞ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ በአምባሰል ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች አልተስማሙም። በአንዱ ቋንቋ ፈቃድ የነበረው በሌላው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ የተነሣው ጠብ እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። የአንድ ጽሑፍ ሁለት ቅጂዎች ሲለያዩ የትኛው እውነት እንደሆነ ማመሳከር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። መሬት፣ ክብርና ነጻነት ሊያስከትል ወይም ሊያሳጣ ይችላል።

የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ለዚህ ማመሳከር እንዲበቃ ያደረገው ሌላ ሥራም አለ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱ እየዞረ መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አነሣ። ፊልሞቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጡ ተደረገ። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚያ ስብስብ ውስጥ 1832 ቁጥር ተሰጥቶታል። ከስብስቡ ሰፊ ክፍል ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እርሳቸውም በዘመናችን የሠሩት ኢየሱስ ሞዐ በዘመናቸው ከሠሩት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ያለውን መጽሐፍ አንድ በአንድ በስሙ መዝግቦ ማኖር።

በደቡብ ወሎ በየደብሩ፣ በየመስጊዱና በየቤቱ ዛሬም በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። በግእዝ የተጻፉ አሉ፤ በዐረብኛና በዐረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፉም አሉ። አይጥና እርጥበት ያበላሻቸዋል። ጦርነትና እሳት ያጠፋቸዋል። ጥቂት ገንዘብ የያዘ ነጋዴም ሊያሸሻቸው ይችላል። መጽሐፉ ከመጥፋቱ በፊት ስሙ፣ የገጹ ብዛት፣ ያለበት ቦታና በኅዳጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ቢመዘገብ፣ ቢሰረቅ ለመከታተል ይቻላል፤ ቢቃጠል እንኳ ምን እንደጠፋ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው፣ አንድ ደብተርና የሽማግሌዎች ፈቃድ ይበቃሉ። በእጅ ስልክ የተነሣ ግልጽ ፎቶግራፍ ቢታከልበት ደግሞ የበለጠ ይጸናል።

በቃል የሚነገረውም እንዲሁ ነው። በሐይቅ ዳር ያሉ አረጋውያን ውኃው በልጅነታቸው እስከ የት ይደርስ እንደነበር፣ የትኛው ዛፍ የትኛው ወፍ እንደቀረ ያውቃሉ። ይህን ከእነርሱ ሰምቶ፣ ማን መቼ እንደተናገረው ጠቅሶ የሚጽፍ ተማሪ ለመጪው ዘመን የሚታረም መነሻ ይተዋል። ሌላው በኋላ መጥቶ ስሕተቱን ያቀናለታል፤ የጎደለውን ይሞላለታል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬም ከውኃው ዳር ቆሟል። ኅዳር 26 ቀን በየዓመቱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ መታሰቢያ ይደረጋል። ምእመናን ከደሴ፣ ከአምባሰልና ከሩቅም ይመጣሉ። በዚያ ቀን የሚነበበው ገድል ተአምራታቸውን ይናገራል። የወንጌላቸው ዝርዝር ደግሞ በዚያ ደሴት ላይ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው ያነበቧቸውን መጻሕፍት በየስማቸው ይጠራል።